ዘግይቶ የሚያስታውክ እንጉዳይ

ላስ ቬጋስ በረሃ ብትሆንም እንጉዳይ ይበቅልባታል። የጁላይና የኦገስት ዝናብ ሲጥል፣ ስፕሪንክለር የሚያጠጣው የፓርክና የአፓርታማ ሣር ላይ ትልልቅ ነጭ እንጉዳዮች በአንድ ሌሊት ብቅ ይላሉ። ወቅቱ ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው። ባለፈው ዓመት አክስቴ ከግቢያችን ሣር ላይ ግማሽ ፌስታል ለቅማ ገባች። «ሀገር ቤት በክረምት የምናውቀው ነው፤ ጥሩ ወጥ ይወጣዋል» አለች።

ታላቅን «ተሳስተሻል» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ «እስከ ነገ እንቆይ» ብዬ ለመንኳት። የአንዱን እግር ቆርጬ ቆቡን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩና ብርጭቆ ደፋሁበት። ጠዋት ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ብናኝ አገኘን። ይህ የክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ ምልክት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ከሚመርዙት እንጉዳዮች አንዱ ሲሆን፣ ከተበላ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል። ብዙዎቹ ፈሳሽ ተሰጥቷቸው ይድናሉ።

ብናኙ አረንጓዴ አይደለም ማለት ግን ይበላል ማለት አይደለም። በጎረቤታችን ካሊፎርኒያ የሚበቅለው ዴዝ ካፕ ብናኙ ነጭ ነው። በዲሴምበር 2016 በሰሜን ካሊፎርኒያ 14 ሰዎችን መርዟል፤ ሁሉም ቢተርፉም ሦስቱ የጉበት ንቅለ ተከላ አስፈልጓቸዋል። አማቶክሲን የተባለውን መርዙን መቀቀል፣ መጥበስም ሆነ ማድረቅ አያጠፋውም። ነጭ ሽንኩርት ወይም የብር ማንኪያ አብሮ ቀቅሎ መፈተንም ዋጋ የለውም።

አታላይነቱ በጊዜው ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ምንም አይሰማም። ቀጥሎ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል። ከዚያ ሕመሙ ጋብ ይልና ሰውየው «ተሻለኝ» ይላል፤ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። ስለዚህ እንጉዳይ በልቶ የታመመ ሰው ሲመጣ ዋናው ጥያቄ «በስንት ሰዓት በላህ? በስንት ሰዓት ጀመረህ?» የሚለው ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ የጀመረ ትውከት አስጊ ነው። የተለያዩ ዓይነቶች ተቀላቅለው ከተበሉ ግን ቶሎ ማስታወክም ዋስትና አይሆንም።

የተጠራጠራችሁትን እንጉዳይ የበላ ሰው ካለ ሕመም እስኪጀምር አትጠብቁ። ፖይዝን ኮንትሮል 1-800-222-1222 ቀንም ሌሊትም በነጻ ያማክራል፤ ለወላጆቻችሁ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው 911 ደውሉ። የተረፈውን እንጉዳይ አትጣሉት፤ በወረቀት ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ።

የአክስቴ እውቀት ውሸት አልነበረም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደ ማጃንግ ያሉ ሕዝቦች የጫካቸውን እንጉዳይ ለይተው ይበላሉ። ነገር ግን እንጉዳይን የሚያውቀው አብሮት ያደገ ሰው ነው፤ አገር ሲለወጥ መልኩ ተመሳስሎ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ቀን ወጡ አልቀረም፤ ከሱቅ በተገዛ እንጉዳይ ተሠራ። አክስቴም አረንጓዴውን ወረቀት ለጎረቤቶቿ ልታሳይ ይዛው ወጣች።