ከእምብርት በታች በስተቀኝ የሚሰማ ሕመም፦ መንሥኤዎቹ፣ የጥንቃቄ ምልክቶቹና የምእመናን ድርሻ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው ዐውራ ጎዳና ላይ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደረስ ኮሶዬ ትገኛለች። መንገደኛ ሁሉ ወርዶ የገደሉን ጥልቀት፣ የሸለቆውን ስፋትና በአፋፉ ላይ የሚግጡትን ጭላዳዎች ያደንቃል። ለእንግዳ ውበት የሆነው ይህ መልክዐ ምድር ግን በጽኑ ለታመመ ሰው ሌላ ትርጉም አለው። ከጎዳናው ርቆ በሚገኝ መንደር የሚኖር በሽተኛ መኪና ለማግኘት አስቀድሞ ዳገቱን በቃሬዛ መውጣት ይኖርበታል። በዚህ ላይ «እስኪ ይደር፣ እስኪ ይንጋ» እየተባለ የሚጠፋው ሰዓት ሲጨመርበት፣ በጊዜ ቢደረስበት ሊድን የሚችል ሕመም ለሞት ያበቃል።

ስለዚህ በዚህ እትም የጤና ትምህርታችን ከእምብርት በታች በስተቀኝ በኩል ስለሚሰማ ሕመም እንማማራለን። ዓላማችን አንባቢን ሐኪም ማድረግ አይደለም። ሕመሙ የሚሰማበት ቦታ ብቻውን መንሥኤውን እንደማይነግረን፣ የሕመሙ አካሄድ ግን መቼ መንገድ መጀመር እንደሚገባን እንደሚነግረን ለማሳየት ነው።

፩. በዚያ ሥፍራ ምን ይገኛል?

በሆዳችን የታችኛው ቀኝ ክፍል ትንሹ አንጀት ከትልቁ አንጀት ጋር ይጋጠማል። በዚያው መጋጠሚያ አጠገብ ትርፍ አንጀት የምንላት እንደ ጣት ያለች ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥላ ትገኛለች። ሽንትን ከቀኝ ኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደው ቱቦም በዚያ ያልፋል። በሴቶች ደግሞ ቀኙ የማሕፀን ቱቦና እንቁላል የምታመነጨው ዕጢ በአቅራቢያው ናቸው። ከዚህ ዝቅ ሲል ብሽሽት አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲታመም ታማሚው የሚለው ቃል ያው «ቀኝ ጎኔን» ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን በሽታው ግን ብዙ ነው።

፪. የትርፍ አንጀት ሕመም

የትርፍ አንጀት ሕመም በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣ ቢችልም፣ በብዛት የሚታየው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባሉት ላይ ነው። ቱቦዋ በደረቀ ዐይነ ምድር፣ በውስጧ ባለ ሥጋ እብጠት ወይም አልፎ አልፎ በሆድ ትል ስትደፈን፣ በውስጧ የቀሩት ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ታብጣለች፤ የደም ዝውውሯም ይታወካል። ካልታከመች ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ልትፈነዳ ትችላለች። በሕፃናት ላይ ደግሞ ይህ ይበልጥ ይፈጥናል።

የሕመሙ አካሄድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በእምብርት ዙሪያ ቦታው በውል የማይታወቅ ሕመም ይሰማል። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ ይከተላል። ከሰዓታት በኋላ ሕመሙ ወደ ታችኛው ቀኝ ወርዶ በአንድ ቦታ ይጸናል። ታማሚው ሲያስል፣ ሲራመድ ወይም የተሳፈረበት መኪና ጉድጓድ ሲገባ ሕመሙ ይብሳል። ቀለል ያለ ትኩሳትም ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በሕፃናት፣ በአረጋውያንና በነፍሰ ጡሮች ላይ ምልክቶቹ ይህን ተራ ላይጠብቁ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ። ትርፍ አንጀት ስትፈነዳ በውስጧ የነበረው ውጥረት ስለሚረግብ ታማሚው ለጥቂት ጊዜ ቀለል ሊለው ይችላል። ቤተሰብም «ተመስገን፣ ተሻለው» ይላል። ዳሩ ግን መግሉ በሆድ ዕቃ ውስጥ ተሰራጭቶ ከቀድሞው የከፋ ሕመም፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የሆድ መደንደን ያስከትላል። ስለሆነም ጽኑ ሕመም ያለ ሕክምና ድንገት ጋብ ማለቱ ጉዞውን የምናስቀርበት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

፫. ከታሪክ የምንማረው

ትርፍ አንጀትን በቀዶ ጥገና አውጥቶ ማዳን በታሪክ የተመዘገበው ለመጀመሪያ ጊዜ በለንደን እ.ኤ.አ. በ1735 ነው። ሐኪሙ ክላውዲየስ አምያንድ፣ ታካሚው የ11 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ዘመን በጎንደር ዳግማዊ አፄ ኢያሱ ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር ነግሠው ነበር። ይሁን እንጂ ሕመሙ በሚገባ ተለይቶ ዛሬ በሕክምና የሚጠራበትን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1886 አሜሪካዊው ሐኪም ሬጂናልድ ፊትዝ ባቀረበው ጥናት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1902 የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው በዚሁ ሕመም በጽኑ ታመሙ። ለበዓሉ ከየአገሩ መልእክተኞች ተጠርተው ነበር፤ ከኢትዮጵያም አፄ ምኒልክን ወክለው ራስ መኮንን ተልከው ነበር። ንጉሡ በዓሉን ላለማስተላለፍ ቢጸኑም፣ በመጨረሻ የሐኪማቸውን ምክር ተቀብለው ሰኔ 24 ቀን የተቋጠረው መግል በቀዶ ጥገና ወጣላቸው። ነሐሴ 9 ቀንም ድነው ዘውድ ጫኑ። ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዓለም እንግዶች የተጠሩበት በዓል ለሕመም ሲባል ከተላለፈ፣ የእኛ አጨዳ፣ ገበያና ድግስ ለአንድ ቀን ቢቆዩ አይደንቅም።

፬. በሴቶች ላይ የሚታዩ መንሥኤዎች

ለመውለድ በምትችልበት ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በታችኛው ቀኝ ወይም ግራ ሆዷ ጽኑ ሕመም ከተሰማት፣ ከማሕፀን ውጭ የሆነ እርግዝና አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። ጽንሱ በቱቦው ውስጥ ሲያድግ ቱቦው ይቀደድና ደም በሆድ ውስጥ ይፈስሳል። የወር አበባ መቅረት፣ ጥቂት ደም መታየት፣ ማዞር፣ ራስን መሳት፣ የፊት መገርጣትና አንዳንድ ጊዜ በትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማ ሕመም ምልክቶቹ ናቸው። በዚህ ጊዜ የሚፈስሰው ደም በውጭ ጥቂት ሆኖ በውስጥ ብዙ ሊሆን ስለሚችል በዐይን በሚታየው መጠን መፍረድ አይቻልም። እንዲሁም እንቁላል የምታመነጨው ዕጢ ስትጠመዘዝ፣ ወይም በላይዋ ያደገ የውኃ ከረጢት ሲፈነዳ፣ ድንገተኛ ሕመም ይነሣል። የማሕፀንና የቱቦ ቁስለትም ትኩሳትና መጥፎ ጠረን ካለው ፈሳሽ ጋር ይመጣል።

በገጠር አካባቢያችን ሴቶች እነዚህን ምልክቶች በአባታቸው፣ በወንድማቸው ወይም በጎረቤት ፊት ለመናገር ያፍራሉ። ያላገባች ልጅ ደግሞ ይበልጥ ትፈራለች። ስለዚህ ጥያቄውን የምታምናት ሴት ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለብቻዋ ትጠይቃት። ምስጢሯን መጠበቅ ይገባል፤ ለሐኪሙ ግን እውነቱ ይነገር። ወቀሳና ምርመራ ለዚያ ሰዓት አይደሉም፤ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ነፍስ ማዳን ብቻ ነው።

፭. የወንዶች ሕመም፣ የኩላሊት ጠጠርና ቡአ

ወንዶች ልጆችም የሚያፍሩበት ሕመም አላቸው። የዘር ፍሬ ሲጠመዘዝ ልጁ «ሆዴን» ሊል ይችላል። የደም ዝውውሩ ስለሚቋረጥ ፍሬውን ለማትረፍ የተሻለ ተስፋ ያለው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ነው። በመሆኑም ታችኛውን ሆዱን የሚያመውን ልጅ እዚያም ያመው እንደሆነ ወላጁ በግልጽ ይጠይቀው።

የኩላሊት ጠጠር ሕመም ከወገብ ተነሥቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ እንደ ማዕበል መጣ ሄደት ይላል። ትርፍ አንጀት የታመመ ሰው ላለመንቀሳቀስ ሲጠነቀቅ፣ ጠጠር የያዘው ግን አንድ ቦታ መርጋት ያቅተዋል። ሽንቱም ደም ሊቀላቅል ይችላል። በብሽሽት ላይ ብቅ ብሎ ይመለስ የነበረ ቡአ ደግሞ አልመለስ ብሎ ካበጠና ካመመ፣ አንጀት ታንቆ ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ነው።

፮. ቀስ ብለው የሚመጡ ሕመሞች

ሁሉም ሕመም በአንድ ሌሊት አይመጣም። የአንጀት ተስቦ የምንለው ታይፎይድ በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋል፤ በታችኛው ቀኝ ያለውን የትንሹን አንጀት መጨረሻም ያቆስላል። ትኩሳቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ካለ ሕክምና ከቆየ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። በዚያው ሥፍራ የአንጀት ሳንባ ነቀርሳም ይሰነብታል። ለወራት የቆየ ሕመም፣ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ምልክቶቹ ናቸው። ከመተላለፊያዎቹ አንዱ ያልተፈላ ወተት ስለሆነ ወተትን አፍልቶ መጠጣት ይገባል። አሜባና ወስፋትም የሆድ ሕመም ያመጣሉ፤ በርካታ ወስፋት በሕፃናት አንጀት ውስጥ ተቋጥሮ መተላለፊያውን የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

በሰሜኑ ደጋ የአንጀት መጠምዘዝም ተደጋግሞ የሚታይ አደጋ ነው። ሆድ ይነፋል፤ ዐይነ ምድርም ሆነ አየር መውጣት ያቆማል፤ ትውከት ይከተላል። በጾም ወራት ሽሮና ባቄላ ስለምናዘወትር «የባቄላ ንፋት ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ንፋት አየር ሲወጣ ይቀልላል። አየር ጭራሹን የማይወጣበትና እያደር የሚወጠር ሆድ ከባቄላ የመጣ ተብሎ አይታለፍም።

፯. ኮሶ፣ ማሸትና ማስታገሻ

ኮሶዬ ስሟ የሚያስታውሰን የኮሶ ዛፍ ለአባቶቻችን ታላቅ መድኃኒት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1770 ጀምሮ በጎንደር የቆየው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ጽፏል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ክብሩ ግን ለተሠራበት ዓላማ ነው፤ ይኸውም የኮሶን ትል ለማስወጣት። መጠኑ ሲበዛ ዐይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። መንሥኤው ላልታወቀ ድንገተኛ የሆድ ሕመም ደግሞ ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት ያበጠውን አንጀት ለመፈንዳት ያቀርበዋል።

ወጌሻ ለወለምታ ይጠቅም ይሆናል፤ የታመመ ሆድ ግን አይታሽም። በሙቅ ድንጋይም አይተኮስም። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ማስታገሻ ሕመሙን ጋብ ያደርጋል እንጂ መንሥኤውን አያስወግድም። ተወስዶ ከሆነ ምን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደተወሰደ ለሐኪሙ ይነገረው።

፰. ጠበልና ሕክምና

«ጠበሉን ልጨርስና እሄዳለሁ» የሚሉ ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ጠበልና መድኃኒትን ተቃራኒ አድርጋ አታስተምርም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ጸሎትንም ባለመድኃኒትንም በአንድነት እንድናከብር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ መግለጻቸው ይታወሳል።

ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው የሚችል ሰው ሆዱ ባዶ መሆን ስላለበት፣ በጽኑ ሕመም ላይ ያለ ሰው ሐኪም እስኪያየው ድረስ ምግብም መጠጥም አይሰጠው። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ጠበሉን ቢረጩት መልካም ነው፤ መጠጣቱ ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። የንስሐ አባት «ልጄ ሆይ፣ ሂድ ታከም፤ እኔም በጸሎት እከተልሃለሁ» ቢሉ፣ ያ ቃል ከማንኛውም ምክር ይልቅ ታማሚውን ፈጥኖ ከቤት ያስነሣዋል።

፱. መቼ እንነሣ? ምን እናድርግ?

ከሚከተሉት አንዱ ሲታይ ሌሊትም ቢሆን ጉዞ ይጀመር፦

• ሕመሙ ከ6 ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ከቆየ ወይም እየጸና ከሄደ፤
• ከእምብርት ወደ ታችኛው ቀኝ ከወረደ፤
• ሆድ ከደነደነ፣ ሲነካ ወይም ሲያስሉ ከባሰ፤
• ትኩሳት ወይም ተደጋጋሚ ትውከት ካለ፤
• ሆድ ተነፍቶ አየር መውጣት ካቆመ፤
• የወር አበባ የቀረባት ሴት ከታመመች፤ ማንኛውም ታማሚ ራሱን ከሳተ ወይም ከገረጣ፤
• የዘር ፍሬ ወይም ብሽሽት ካበጠና ካመመ።

በቅድሚያ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይኬዳል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ወደ ጎንደር ይላካል። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ያሉበትና የሚሠለጥኑበት ነው።

ሰንበቴዎች፣ ማኅበራትና ዕድሮች ደግሞ ሕመም ሳይመጣ ሦስት ነገሮችን ቢያዘጋጁ እንመክራለን፦ በተራ የሚነሡ የቃሬዛ ተሸካሚዎችን ስም፣ የአምቡላንስና የመኪና ባለቤቶችን ስልክ፣ ለድንገተኛ ጉዞ የሚበደሩት ጥቂት ገንዘብ። ዕድር ለቀብር የሚሰበሰበውን ያህል ለማዳንም መሰብሰብ ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

፩. በመንደራችን ሌሊት ሰው ቢታመም ጎዳና ላይ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይወስዳል? ማንስ ይሸከማል?
፪. ሕመም ድንገት ጋብ ሲል ለምን መዘናጋት አይገባም?
፫. ሴቶችና ልጆች ሳያፍሩ የሚናገሩለት ሰው በቤታችን አለ?
፬. ጠበልና ሕክምናን አንድ ላይ ለማስኬድ ካህናትና የጤና ሠራተኞች እንዴት ሊመካከሩ ይችላሉ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።