ከሕግ ትምህርት በኋላ የዳኛ ረዳትነት፦ ሥራውና ምርጫው

የዳኛ ረዳትነት ምንነት

የዳኛ ረዳት የሕግ ትምህርቱን ያጠናቀቀ፣ የመፍረድ ሥልጣን ግን ያልተሰጠው ባለሙያ ነው። መዝገቡን (የአንድ ክርክር ጽሑፎችና ማስረጃዎች የተያዙበትን ዶሴ) አስቀድሞ ያነባል፤ የሚያከራክረውን ነጥብ ለይቶ ያወጣል፤ ነጥቡን የሚገዛውን ሕግ ይፈልጋል፤ ያገኘውንም በጽሑፍ ለዳኛው ያቀርባል። ረቂቁ እንዳለ ቢወሰድ እንኳ ውሳኔው የዳኛው ነው፤ የሚፈርመውም ኃላፊነቱን የሚሸከመውም እርሱ ነው።

አሠራሩ በስፋት የታወቀው በአሜሪካ ነው። ዳኛ ሆራስ ግሬይ በማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳሉ በ1875 እ.ኤ.አ. ወጣት የሕግ ተመራቂዎችን በረዳትነት ማሠራት ጀመሩ። ኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሉዊስ ብራንዳይስ ከነዚያ ረዳቶች አንዱ ነበሩ። ዛሬ እዚያ አገልግሎቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይቆያል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም ረዳቶችን ይቀጥራል፤ የውጭ አገር ዜጎችንም ይቀበላል።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ያለው የረዳት ዳኛ የሥራ መደብ ነው። የአሜሪካው ረዳት ጊዜው ሲያበቃ በብዛት ወደ ጥብቅና ወይም ወደ ማስተማር ያመራል። እዚህ ግን ቦታው ወደ ዳኝነት የሚያደርስ እርከን ተደርጎ ይታያል። በወረዳ ደረጃ ለችሎቱ ቅርብ የሆነው ሠራተኛ ሬጅስትራሩ (ክስ የሚቀበለው፣ መዝገብ የሚከፍተውና የሚያደራጀው) ነው።

ከሮቢት የሚነሳ ክርክር የሚሄድበት መንገድ

ረዳት ይበልጥ የሚያስፈልገው የት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች፣ በራያ ቆቦ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ኑሮው ማሽላና ጤፍ በሚበቅልበት ሜዳ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ የድንበር፣ የውርስና የመሬት ኪራይ ክርክር ፍርድ ቤት መድረሱ አይቀርም። ክሱ መጀመሪያ የሚቀርበው ቆቦ ለሚያስችለው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ይግባኙ ወልድያ ወደሚገኘው የሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ ባሕር ዳር ወዳለው የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት የተባለ የመጨረሻ ውሳኔ ደግሞ አዲስ አበባ ባለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊታይ ይችላል።

ቆቦ ላይ በትክክል ያልተያዘ አንድ ነጥብ ባለጉዳዩን ወልድያና ባሕር ዳር፣ አልፎም አዲስ አበባ ያንከራትተዋል። የትራንስፖርቱና የማደሪያው ወጪ፣ በአዝመራ ወቅት የሚባክነው ቀን ሁሉ በአርሶ አደሩ ላይ ነው። ብዙ ባለጉዳይ ጠበቃ የማቆም አቅም ስለሌለው አቤቱታውን በራፖር ጸሐፊ (በፍርድ ቤት ደጃፍ በክፍያ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው) አስጽፎ ብቻውን ይቆማል። በደንብ የሠለጠነ ረዳት ይበልጥ የሚያስፈልገው በዚህ በታችኛው እርከን ነው፤ የረዳት ዳኛ መደቡ ግን የሚገኘው ላይ ነው። ይህ መስተካከል የሚገባው ጉድለት ነው።

ረዳቱ መዝገቡን የሚመረምርበት አካሄድ

ለምሳሌ አንዲት ሴት ከአባቷ የተላለፈውን የእርሻ መሬት ወንድሟ ብቻውን ይዞታል ብላ ከሰሰች ቢባል፣ ወንድምየው ሁለት መልስ ሊያቀርብ ይችላል። አንደኛው ክሱ በይርጋ (መብት በሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ ማለፍ) ቀሪ ሆኗል የሚል ነው። ሁለተኛው አባታቸው በሕይወት ሳሉ መሬቱን በስጦታ ሰጥተውኛል የሚል ነው። ረዳቱ በቅድሚያ የሚሠራው እነዚህን መልሶች በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ይርጋ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ስለሆነ ከሌላው ፍሬ ነገር በፊት ብይን ይሰጥበታል። መቃወሚያው ካልጸና ስጦታው ሕግ የሚጠይቀውን ሥርዓት አሟልቶ እንደሆነ፣ ቀጥሎም በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት ወራሹ ማን እንደሆነ ይጣራል። ይህ ጭብጥ መያዝ (ፍርድ የሚሰጥበትን ነጥብ መለየት) ይባላል። ጭብጡ ከተሳተ ምስክር የሚሰማው ለማያስፈልግ ነገር ነው።

ቀጥሎ ረዳቱ የሰበር ውሳኔዎችን ይፈልጋል። ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች ተሰይሞ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። በሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 አባትና አክስት በአንድ ሕፃን አስተዳደግ ተከራክረው የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈርደው ነበር። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ተመሥርቶ የሕፃኑን ጥቅም አስቀደመና ውሳኔውን ሻረ። ይህን ውሳኔ ሳያውቅ በሕፃናት ጉዳይ ረቂቅ የሚያዘጋጅ ረዳት ዳኛውን ወደ ስሕተት ይመራል።

በራያ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቅ ዘወልድ የሚባል የሽምግልና ሥርዓት አለ። ዕርቁ በነፍስ ግድያ የቀረበን የወንጀል ክስ አያስቀርም፤ ቅጣት በሚወሰንበት ጊዜ ግን ጸጸትንና ካሣን የሚያሳይ ማቅለያ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። የአገሩን ሥርዓት የሚያውቅ ረዳት የዚህን ክብደት ለዳኛው በትክክል ማስረዳት ይችላል።

ዩኒቨርሲቲው የማይሸፍነው ትምህርት

የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ 5 ዓመት ይወስዳል። ተማሪው ኤክስተርንሺፕ (ተማሪ በፍርድ ቤት ወይም በሌላ የፍትሕ ተቋም እየተገኘ የሚማርበት የተግባር ኮርስ) ይወስዳል፤ የመውጫ ፈተናም ያልፋል። ትምህርቱ የሚሰጠው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በአብዛኞቹ የአማራ ክልል ፍርድ ቤቶች ክሱ፣ ክርክሩና ፍርዱ በአማርኛ ነው። ተመራቂው የሕጉን ሐሳብ ያውቃል፤ በችሎት አማርኛ አሳጥሮና አጥርቶ መጻፍ ግን ገና ይቀረዋል። እግድ፣ አፈጻጸም፣ ጣልቃ ገብነት፣ ብይን የሚሉት ሁሉ የራሳቸው አጻጻፍ አላቸው። ተሸናፊው ወገን ለምን እንደተሸነፈ ከፍርዱ መረዳት ካልቻለ ይግባኙንም በወጉ ማቅረብ አይችልም።

ይህ ክህሎት የሚገኘው በየቀኑ ረቂቅ በመጻፍና ዳኛው ሲያርመው በማየት ነው። ፍርድን በችሎት አጠገብ ሆኖ መማር ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ በበላ ልበልሃ (ተሟጋቾች በቃል የሚከራከሩበት የጥንት ሥርዓት) ሙግት ዘመንም ወጣቶች የክርክርን ሥርዓት የሚለምዱት ችሎት ላይ ተገኝተው በማዳመጥ ነበር።

ከሌሎች የሥራ መስኮች ያለው ልዩነት

ዐቃቤ ሕግ መንግሥትን፣ ጠበቃ ደንበኛውን ወክሎ ይከራከራል፤ ረዳቱ የሁለቱንም ወገን ክርክር እኩል ያነባል። ስለዚህ ደካማ ክስ የሚወድቅበትን ምክንያት ከሌሎቹ ቀድሞ ይለያል። በጎደለው በኩል ደግሞ ደንበኛ ማነጋገርን፣ ምስክር ማዘጋጀትንና መደራደርን አይማርም። የጥብቅና ፈቃድ የሥራ ልምድና ፈተና ስለሚጠይቅ፣ ጥብቅናን ያሰበ ተመራቂ በረዳትነት የሚያሳልፈው ጊዜ በልምድነት የሚያዝበትን ሁኔታ አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

ምርጫው የሚመዘንበት መንገድ

ረዳትነት በራሱ ሹመት አያስገኝም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የክልል ዳኛ የሚሾመው በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ነው። ሥራው ሚስጥር መጠበቅንም ይጠይቃል፤ ዘመድ አዝማድ በሚተዋወቅበት እንደ ሮቢት ባለ ቦታ የተወለደ ባለሙያ ቆቦ ወይም ወልድያ ቢሠራ የቤተሰቡ ጉዳይ ያለበት መዝገብ ሲመጣ ወዲያው አሳውቆ ከሥራው መራቅ ይኖርበታል። ወላጆቹን ወዲያውኑ መርዳት ላለበት ተመራቂ ደመወዙም ሊመዘን ይገባል፤ ይህ የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚመዘነው ግን የሚሠራበት ችሎት ነው። ረቂቁን አንብቦ፣ የተሳተውን አመልክቶ የሚመልስ ዳኛ ያለበት ችሎት ለወደፊት ዳኛም ለወደፊት ጠበቃም ጥሩ ትምህርት ነው። ረዳቱን ግልባጭ በማዘጋጀትና ቀጠሮ በመመዝገብ ብቻ በሚያውለው ችሎት ከመቆየት ይልቅ ቆቦ ላይ ሬጅስትራር መሆን ይሻላል፤ እዚያ ቢያንስ ክስ በምን ጉድለት እንደሚመለስና ባለጉዳዩ ምን ሳይገባው እንደሚሄድ በየቀኑ ይታያል።