ክትፎ አይደለም፣ ሚጡ

እጅሽ ወደ ሚጥሚጣው ሲሄድ አይቻለሁ፤ መልሺው። ይገባኛል፤ ቀይ ነው፣ ጮማ የለበትም፣ ጅማት የለበትም፣ ለክትፎ ተመርጦ የመጣ ይመስላል። ግን የአጋዘን ሥጋ ነው፣ ያውም በማሽን የተፈጨ። ጥሬውንም ለብ ለቡንም እርሺው።

ምክንያቱን ካልነገርኩሽ እኔ ስወጣ እንደምትሠሪው አውቅሻለሁ፣ ስለዚህ ስሚኝ። ሙዳ ሥጋ ባክቴሪያ ቢኖርበት ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ይሄ አጋዘን ደግሞ ጫካ ውስጥ ተመቶ፣ እዚያው ሆዱ ተከፍቶ፣ በፒካፕ ተጭኖ የመጣ ነው፤ ቄራ እንደሚደረገው ሐኪም ቆሞ አላየውም። ኢ. ኮላይ የሚሉት ባክቴሪያ ከአንጀት ወደ ሥጋ የሚሸጋገረው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። "ፍሪዘር ውስጥ ከርሞ የለም ወይ?" አትበዪኝ፤ ብርድ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። እዚህ ያለው ጣጣ ኮሶ ጠጥተሽ የምትገላገዪው ዓይነት አይደለም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለተፈጨ ሥጋ፣ ለአደን ሥጋም ጭምር፣ ያስቀመጠው ልክ 160 ፋራናይት ነው፤ በሴንቲግሬድ 71። ወጥ ከሆነ ሲንተከተክ ያልፈዋል። በርገር ካሰኘሽ ግን ቴርሞሜትር ግዢ፤ የዚህን ሥጋ መብሰል በቀለሙ አትለዪውም። ክትፎውን ቅዳሜ ከአበሻ ሥጋ ቤት ገዝተን እንበላለን።

እንዲያውም ድስት ከመጣድሽ በፊት የሰጠሽን ሰውዬ የምትጠይቂው አለ። በትሕትና ታዲያ! በአደን የተገደለ አጋዘን እዚህ አገር አይሸጥም፣ ክልክል ነው። ሱቅ ውስጥ የምታዪው የእርባታ ነው፣ ብዙውም ከኒውዚላንድ የሚመጣ። ሰውዬው ለቤተሰቡ ካስቀመጠው ነው ቆርሶ የሰጠሽ።

ምን ስብ እንደተጨመረበት ጠይቂው። አጋዘን እንደ ላም ጮማ የለውም፤ ያለችውም ስብ ቶሎ ትረጋና እንደ ሻማ ላንቃ ላይ ትለጠፋለች። ስለዚህ ፈጪዎቹ እሷን ገፈው ይጥሉና ብዙ ጊዜ የላም ወይም የአሳማ ስብ ይቀላቅሉበታል። አዎ፣ የአሳማ። ለእነሱ ምንም ማለት አይደለም፣ ላስቲኩም ላይ ሁልጊዜ አይጻፍም። ንጹሕ አጋዘን ነው ካለሽ እሰየው። ሶሴጅ አድርጎ ከሰጠሽ ግን አሳማ አለበት ብለሽ ጀምሪ።

እማዬ እዚህ ብትሆን ከዚህም በፊት "ማን ባረከው?" ነበር የምትለው። እንስሳው ራሱ አያከራክርም፤ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው፣ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ተቆጥረዋል። የጥይቱና የቡራኬው ነገር ግን ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ሙስሊሟን ጎረቤትሽን ልትጋብዢ ካሰብሽም ምን እንደሆነ አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ወስና ትምጣ።

ጥይቱስ የእርሳስ ነበር ወይስ የመዳብ? ይሄን ሳትጠይቂ ለልጅሽ እንዳታጎርሺ። የእርሳስ ጥይት ሲመታ ይበተናል። ብናኙ ከቁስሉ ርቆ ይሄዳል፣ በዓይን አይታይም፣ በጥርስ አይታወቅም፤ መፍጫው ደግሞ ለሁሉም ያዳርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ለችግረኞች በተለገሰ የአጋዘን ሥጋ እርሳስ ተገኝቶ፣ የምግብ ባንኮቹ የተፈጨውን እንዲጥሉት ተነግሯቸው ነበር። እኛው ሚኔሶታም ተመርምሮ ተገኝቶበታል። ለእኔ ለአሮጊቷ አይደለም የምሰጋው። በማደግ ላይ ያለ የልጅ አእምሮን ነው እርሳስ የሚጎዳው፣ ማሕፀን ውስጥ ያለውን ሳይቀር። በእርሳስ የተገደለ ከሆነ ለልጅቷ አትስጪያት፤ አንቺም ሁለተኛውን ልጅ እያሰብሽ ነውና አትንኪው። በዚህ አልደራደርሽም።

አጋዘኑን አክስቶ ስለሚገድለው በሽታም ሰምተሽ ይሆናል፣ ያ ኮሎራዶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 መጀመሪያ የታየው። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም። ግን ማብሰል አያጠፋውም፣ ስለዚህ "አስመርምረኸዋል?" ብትዪው ነውር የለውም፤ አዳኞቹ ራሳቸው ያስመረምራሉ።

እሺ፣ አሁን ወደ ድስቱ። ምንቸት አብሽ እንሠራለን። ለዚህ ሥጋ ከዚህ የተሻለ ወጥ አለ የሚለኝ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ሥጋው የጎደለው ስብና ወዝ ነው፤ ምንቸት አብሽ ደግሞ ስቡን ከቅቤው፣ ወዙን ከሽንኩርቱ ይዞ ይመጣል።

ኧረ አትጠቢው! የተፈጨ ሥጋ በሎሚ አይታጠብም። ጣዕሙ በቧንቧ ይሄዳል፣ የሚረጨው ደግሞ ዕቃሽን ሁሉ ይበክላል። ማታ ከፍሪዘር አውጥተሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፣ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ደም ካቀረረ በወረቀት ፎጣ ጫን ጫን አድርጊው፣ በቃው። የዱር ጠረን አለው የሚሉትም በአብዛኛው ከስቡ የሚመጣ ነው፤ በደንብ ከተገፈፈ እምብዛም አይሰማሽም።

ለአንድ ፓውንድ አራት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይከተፍ። ያለ ዘይት፣ በራሱ ውኃ ይቁላላ፤ ድስቱን ሲይዝ ውኃ ጠብ እያደረግሽ አማስዪው። አትቸኩዪ፣ ይሄ ወጥ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን ጨምሪና የበርበሬው ጥሬነት እስኪለቅ አብስዪው።

አሁን ንጥር ቅቤ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ። ምን ዓይንሽን ታፈጫለሽ? 80/20 ከሚሉት የላም ሥጋ አንድ ፓውንዱ 90 ግራም ገደማ ስብ ይዞ ነው ድስትሽ ውስጥ የሚገባው፤ ሦስት ማንኪያ ቅቤ 40 ግራም ገደማ ነው። ምንም ያልተቀላቀለበት አጋዘን የራሱን ትንሽ ስብ ቢጨምርበትም ከዚያ አታልፊም። "ጤናማ ሥጋ ነው" ብሎ ቅቤውንም መከልከል ሥጋውን መበደል ነው፤ ደርቆ ከጉሮሮ አይወርድም፣ ከዚያ ጥፋቱን ለአጋዘኑ ትሰጫለሽ።

ሥጋውን እንዳለ ድስቱ ውስጥ አትጨምሪው። ስብ ስለሌለው እሳት ሲነካው ይጓጉላል። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በትንሽ ለብ ያለ ውኃ በጥብጠሽ አላቂውና ነው የምትጨምሪው፤ ከዚያም ማማሰያሽ እንዳያርፍ። ሲነጣ እሳቱን ቀንሺ። የላም ሥጋ ቢረሳ ስቡ ያድነዋል፤ ይሄን የሚያድነው የለም፣ ስለዚህ ስልክሽን ወዲያ አስቀምጪና ውኃው ሳይመጥ ሙቅ ውኃ እያከልሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንተክተክ። አብሹ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል፤ ወጡን ያወፍረዋል፣ ከበዛ ግን ይመራል። ልታወጪ ስትዪ መከለሻ፣ ኮረሪማውን ሳትሰስቺ። ኮረሪማና የዱር ሥጋ ይስማማሉ። ከጎኑ አይብ ካለሽ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ።

የቀረውን ደግሞ እንዳታከርሚው። እዚህ የጠመንጃው አደን የሚከፈተው በጥቅምት ማብቂያ ግድም ነው፤ ሥጋው ተፈጭቶ እጅሽ ሲገባ ኅዳር 15 ይደርስና የነቢያት ጾም ይገባል። እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ቢቆይ ምንም አይሆንም። የተፈጨ ሥጋ ግን ሦስት አራት ወር ካለፈው ጣዕሙ ይሄዳል፣ ዐቢይ ጾምም ይደርስብሻል። ስለዚህ በገናና በዐቢይ ጾም መካከል ጨርሺው፤ ግማሹን ምንቸት፣ ግማሹን ሱጎ አድርጊው። ለሱጎው የወይራ ዘይት አትንፈጊው፣ ካሮትም ፈግፍጊበት።

ወደ ሰውዬውም ባዶ እጅሽን አትመለሺ፣ ሳምቡሳ ውሰጂለት። ስብ የሌለው ሥጋ ለሳምቡሳ ሲሆን እንዲያውም ከላሙ ይበልጣል፤ ዘይት አያነባም፣ ቂጣውን አያርሰውም። ቃሪያውን ቀነስ አድርጊለት እንጂ አታስቀሪበት። ስትሰጪውም የሚቀጥለው ዓመት ከተሳካለት ጭኑን ሳይፈጭ እንዲያስቀምጥልሽ ንገሪው። ከተፈጨው ይልቅ በሙዳው የእርሳሱ ስጋት ያንሳል፤ ለቋንጣም ቢሆን ጮማ የሌለው ነው የሚፈለገው፣ ስብ ያለበት ሲከርም ይሸታል። ዘልዝለን በርበሬና ጨው እናሸዋለን፣ አገር ቤት እንደምናደርገው በገመድ ሳይሆን በማድረቂያ ማሽን እናደርቀዋለን። ማሽኑ እኔ ጋ አለ።