ድርጊት አመልካች ግሥን ለሕፃናት እንዴት እናስተምር?

ከመካከላችን ብዙዎቻችን በሰንበት ትምህርት ቤታችን ሕፃናትን ፊደል በማስቆጠርና ንባብ በማለማመድ እናገለግላለን። እኔም ባለፈው ክረምት ከ5 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን ሕፃናት ሳስተምር ከተሳሳትሁት ስሕተት ያገኘሁትን ትምህርት ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ነገሩም ስለ ግሥ ነው።

የግሥ ትምህርት ቀን በደረሰ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ግሥ ማለት ድርጊትን የሚገልጽ ቃል ነው» ብዬ ጻፍሁ። ሕፃናቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደጋግመው አሉት፤ እኔም ደስ አለኝ። ቀጥዬ «ልጁ ኳስ መታ» የሚለውን ጽፌ «ግሡ የትኛው ነው?» ብዬ ስጠይቅ ግን ብዙዎቹ «ኳስ!» ብለው ጮኹ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የ6 ዓመት ልጅ ደግሞ ጭራሽ አልመለሰም። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፤ አንገቱን ደፋ። እኔም በደብተሬ ላይ ከስሙ ፊት ለፊት «ትምህርት አይገባውም» ብዬ ጻፍሁ።

ትምህርቱ አልቆ አዳራሹን ስናስተካክል ያንኑ ልጅ «እስቲ በሩን ክፈት፤ ያንን ወንበር ወደ ጥግ ጎትት፤ መጥረጊያውንም አምጣ» አልሁት። ሁሉንም በተራው ፈጸመ። ከዚያም ወደ ታናሽ እኅቱ ዘወር ብሎ «አንቺ ደግሞ መስኮቱን ክፈቺ፤ ይህንንም ወንበር ጎትቺ» አላት። ቆም ብዬ አሰብሁ። ለወንድ «ክፈት»፣ ለሴት «ክፈቺ» እንደሚባል ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ልጁ ግሥን ያውቃል፤ እኔ የጠየቅሁት ግን የግሥን ትርጓሜ ነበር።

«አልገባውም» የሚለውን ቃል እስቲ ልብ ብለን እንመልከተው። የዚህ ግሥ ባለቤት ማን ነው? ትምህርቱ ነው። «ትምህርቱ አልገባውም» ስንል ትምህርቱ በራሱ እግር መጥቶ ከልጁ ደጅ የተመለሰ ይመስላል፤ በሩን መክፈት የነበረበት መምህር ግን በንግግሩ ውስጥ አይታይም። ሕፃን ብርጭቆ ሲጥል «ሰበርሁት» አይልም፤ «ተሰበረ» ይላል። እኔም በደብተሬ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ አካሄዴን ለውጬ እንደሚከተለው ማስተማር ጀመርሁ።

1ኛ/ በትእዛዝ መጀመር። ሕፃን ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ግሥ «ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ አትሩጥ» የሚለው ነው። ስለዚህ መምህሩ «ተነሡ፣ ዝለሉ፣ አጨብጭቡ» እያለ ራሱም አብሮ ያድርግ። ጥቂት ከደጋገመ በኋላ እርሱ ዝም ብሎ ይቁምና በቃል ብቻ ይዘዝ። ያን ጊዜ ቃሉን የሰማውና ጓደኛውን አይቶ የሚከተለው ይለያሉ። ለአንድ ቀን 5 ወይም 6 ግሦች ይበቃሉ። «ብድግ በሉ፣ ቁጭ በሉ» የሚሉት ሁለት ሁለት ቃል ቢመስሉም እንደ አንድ ግሥ ይቆጠራሉ።

2ኛ/ ሕፃናቱ ራሳቸው እንዲያዙ ማድረግ። አንድ ልጅ ከፊት ቆሞ ለወንዱ «ቁረጥ»፣ ለሴቷ «ቁረጪ»፣ ለሁሉም «ቁረጡ» ይበል፤ እንዲሁም «ውሰድ፣ ውሰጂ፣ ውሰዱ»። መምህሩን ሲያዝ ደግሞ «ይቁረጡ፣ ይውሰዱ» ማለትን በዚያው ይማራል። «መጣ» ከሚለው ተነሥቶ «ና» በማለት ፈንታ «ምጣ» የሚል ሕፃን ቢገኝ አንሳቅበት፤ ልጁ ሕጉን አግኝቶታልና። ቃሉ ከሕጉ ወጣ ያለ መሆኑን ብቻ እንንገረው።

3ኛ/ የተደረገውን ማስነገር። አንዱ ከዘለለ በኋላ «ምን አደረገ?» ብለን እንጠይቅ፤ «ዘለለ» ይላሉ። «እርሷስ?» «ዘለለች»። «አንተስ?» «ዘለልሁ»። በአማርኛችን ግሡ አድራጊውን በራሱ ላይ ተሸክሞ እንደሚሄድ ሕፃናቱ በዚህ ያስተውላሉ።

4ኛ/ ቦታውን ማሳየት። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ «ልጅቷ ውኃ…» ብለን እንቁም። አንዷ ተነሥታ በእጇ ታሳይ፤ ሌሎቹም «ቀዳች»፣ «ጠጣች»፣ «ደፋች» እያሉ ይጨርሱት። ግሡ እስኪመጣ ድረስ በውኃው ምን እንደ ሆነ አይታወቅም።

5ኛ/ ትርጓሜውን በመጨረሻ መጻፍ። «ግሥ ማለት…» የሚለው በሰሌዳው ላይ የሚወጣው አሁን ነው።

ይህ ዘዴ በሌላም አገር ተሞክሯል። ጄምስ አሸር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት ጃፓንኛና ሩስኛ ለሚማሩ ሰዎች ትእዛዝ እየሰጡና በአካል እያስፈጸሙ ቋንቋን የማስተማር ዘዴ አቅርበዋል። ተማሪው እስኪዘጋጅ ድረስ እንዲናገር አይገደድም፤ መረዳቱን በሥራ ያሳያል። አንገቱን ለደፋው ልጅ ያስፈለገውም ይኸው ነበር።

ታዲያ የቃል ጥናት ጥቅም የለውም ማለት ነውን? አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የቅኔ ተማሪ «ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ» የሚሉትን ስምንቱን የግእዝ ግሥ አርእስት አጥንቶ ሌላውን ግሥ ሁሉ በእነርሱ ሥር ይመድባል። ነገር ግን ከዚህ የሚደርሰው ፊደሉንና ንባቡን ከፈጸመ በኋላ ነው። እኛ ግን ለ6 ዓመት ሕፃን ጣሪያውን ከመሠረቱ በፊት ልናቆምለት እንሞክራለን።

ሁለት ነገሮችን እንጠንቀቅ። አንደኛው፣ ግሥ ሁሉ በአካል የሚሠራ አይደለም። «ነው»፣ «ነበር»፣ «አሰበ»፣ «ወደደ» ግሦች ናቸው፤ ግን አይዘለሉም፣ አይጨበጨቡም። ስለዚህ ዛሬ የምናስተምረው ድርጊት የሚያመለክተውን ብቻ መሆኑን አንርሳ። ሁለተኛው፣ በመካከላቸው መሮጥ ወይም መዝለል የማይችል ሕፃን ቢኖር «ጠቁም፣ አጨብጭብ፣ ስጥ፣ ተቀበል» የሚሉትን እንምረጥ፤ ማንም ከጨዋታው ውጭ አይቅር።

ያ ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከፊት ቆሞ ሁላችንንም ሲያዝ ዋለ። እኔም ደብተሬን ገልጬ የጻፍሁትን ሰረዝሁና በምትኩ «አላስገባሁለትም ነበር» ብዬ ጻፍሁ። እናንተም በየክፍላችሁ «አይገባውም» ያላችሁት ልጅ ካለ በመጪው እሑድ በሩን ክፈት በሉትና እዩ።