ታማኝነት ከማን ይጀምራል?

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡርና የከባድ መኪና ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው በዚህ አልፎ ነው። ዛሬም ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊ፣ በሰመራና በሚሌ በኩል የሚመጡት ተሳቢዎች በዚሁ ያልፋሉ፤ ብዙዎቹም ያድራሉ። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንትና አንድ ወጣት ሹፌር አመሻሽ ላይ ሻይ ቤት ተቀምጠው እንዲህ ይጨዋወታሉ።

ወጣቱ፦ አባባ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት። የምሠራለት ባለንብረት በረዳትነት ተቀብሎ፣ መንጃ ፈቃድ አስወጥቶ፣ ተሳቢ ያስያዘኝ ሰው ነው። አሁን ግን የሁለት ወር ደሞዝ ይዞብኛል። ሌላ ባለንብረት ደግሞ የተሻለ ልክፈልህ ብሎኛል። ጥዬው ብሄድ ከሃዲ እሆናለሁ?

አዛውንቱ፦ እሱ ምን ይልሃል?

ወጣቱ፦ «ሰው ያደረግሁህ እኔ ነኝ፤ ታገሥ» ይለኛል። ጳውሎስም አገልጋዮች ለጌቶቻቸው ይታዘዙ ብሏል እያለ ይጠቅስብኛል።

አዛውንቱ፦ ብሏል፤ ኤፌሶን ምዕራፍ 6 ላይ። ግን እዚያው ቁጥር 9 ላይ ጌቶቹን ራሳቸውን ይይዛቸዋል፤ ማስፈራራት እንዲተዉ፣ ከነሱ በላይ ጌታ እንዳለ እንዲያስቡ ያዛል። ደግሞም ያ ምክር የተጻፈው ለባሪያ ነው፤ ባሪያ ሥራ መልቀቅ አይችልም። አንተ ውል ያለህ ሠራተኛ ነህ። የአገልጋዩን ግዴታ አንብቦ የጌታውን የሚዘል ሰው ግማሹን ነው የነገረህ።

ወጣቱ፦ ታዲያ የአሠሪ ታማኝነት በምን ይታወቃል?

አዛውንቱ፦ ከሁሉ በፊት በደሞዝ ቀን። ዘሌዋውያን 19 የቅጥር ሠራተኛ ሒሳብ አሠሪው ዘንድ እንዳያድር ይከለክላል። ዘዳግም 24 ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈለው ይላል፤ ድሀው ተስፋ ያደረገው ያንኑ ገንዘብ ነውና። ልብ በል፣ ሕጉ የአገር ልጅና መጤ ብሎ አይለይም። አፋሩም፣ ከወሎ፣ ከወላይታ፣ ከሐረርጌ የመጣውም አብሮ ጭነት በሚያወርድባት በእኛ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ይከፈለው የሚለውን የነቢያቸውን ትምህርት ያውቁታል። ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ የተያዘ ደሞዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ይላል። ስለዚህ ገንዘብ እያለ ደሞዝ ማዘግየት በመጽሐፉ ዘንድ ኃጢአት ነው።

ወጣቱ፦ እውነቱን ልንገርዎት። ደሞዝ ሲዘገይበት ከመኪናው ነዳጅ ታንክ ናፍጣ እየቀዳ የሚሸጥ ሹፌር አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይሉኛል። እኔም ማሰቤ አልቀረም።

አዛውንቱ፦ የዘፍጥረቱን የያዕቆብንና የአማቱን የላባን ነገር አስታውስ። ያዕቆብ 20 ዓመት አገለገለ፤ 14ቱን ስለ ላባ ሴቶች ልጆች፣ 6ቱን ስለ መንጋ። ላባ ደሞዙን አሥር ጊዜ ለዋወጠበት። ዘፍጥረት 31 ላይ ሲከራከሩ ያዕቆብ ምን እንደሚያነሣ እይ፤ አውሬ የበላውን በግ እንኳ ከራሱ ይተካ እንደነበር፣ ቀን ሐሩሩ ሌሊት ቁሩ እንቅልፍ እንደነሣው። ሰመራ ላይ በቀትር ጎማ የቀየረ ሰው ይህ ክርክር ይገባዋል። ያዕቆብ ያን ሁሉ በላባ ፊት አፉን ሞልቶ የተናገረው እጁ ንጹሕ ስለነበረ ነው። አንተ ናፍጣውን ብትሸጥ የሁለት ወር ደሞዝህን በምን አፍህ ትጠይቃለህ?

ወጣቱ፦ ያዕቆብም ግን በመጨረሻ ጥሎ ሄዷል።

አዛውንቱ፦ ሄዷል፤ እግዚአብሔርም ወደ አገርህ ተመለስ ብሎታል። መልቀቁ ክህደት አልነበረም። አወጣጡን ግን አትከተለው። ላባ በጎቹን ሊሸልት በሄደበት ተደብቆ ወጣ፤ አታላዩ ላባም ሰባት ቀን ተከትሎ ደረሰበትና ልጆቼን ስሜ እንዳልሸኝ ከለከልኸኝ ብሎ ተበዳይ ሆነ። መኪናውን ሚሌ አቁሞ ስልኩን የሚያጠፋ ሹፌርም በዳዩን ተበዳይ ያደርገዋል።

ወጣቱ፦ እንዴት ልውጣ ታዲያ?

አዛውንቱ፦ መጀመሪያ ፊት ለፊት ጠይቀው። ጭነት ጠፍቶበት እንደሆነ ይንገርህ፣ ቀን ይቁረጥልህ። ካልሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲለቅ ይፈቅድለታል። አሠሪው ግዴታውን ደጋግሞ ካጎደለ ያለ ማስጠንቀቂያም መልቀቅ ይቻላል፤ ሙያ ላስተማረህ ሰው ግን ወሩን ብትሰጠው ያምርብሃል። በእኛ ጊዜ ተረካቢ ሳይመጣ ጣቢያ ጥሎ መሄድ ነውር ነበር። አንተም መኪናውን፣ ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ የጭነት ሰነዱን በፊርማ አስረክብ። ያልተከፈለህንም በጽሑፍ ጠይቅ።

ወጣቱ፦ ውለታውስ?

አዛውንቱ፦ ውለታ ይመሰገናል እንጂ በደሞዝ አይቻቻልም። ዘዳግም 15ን ተመልከት፤ ስድስት ዓመት ያገለገለ ዕብራዊ ባሪያ በሰባተኛው ነጻ ሲወጣ ጌታው ባዶ እጁን እንዳይሰደው፣ ከመንጋውና ከዐውድማው እንዲሰጠው ታዟል። አልሄድም የሚል ካለ ጌታውንና ቤቱን ስለወደደ ነው። ታማኝነት መሄድ የሚችል ሰው ወዶ ሲቆይ ነው። በመጽሐፈ ሩት ባለ እርሻው ቦዔዝ አጫጆቹን ሰላም እያለ ወደ እርሻው ይገባ ነበር፤ እነሱም ይመርቁታል። ለሞዓባዊቷ ለሩትም በምሳ ሰዓት ቆሎ ያቀርብላታል። እንዲህ ያለ ጌታ ሠራተኛ የሚያቆየው ውለታ እየቆጠረ አይደለም።

ወጣቱ፦ ገብቶኛል። ነገ ጠዋት ደውዬ አነጋግረዋለሁ።

አዛውንቱ፦ ደግ። ያ ጎማ የሚያይልህ ልጅ ግን የማን ሠራተኛ ነው?

ወጣቱ፦ የእኔ ረዳት ነው። ከአበሌ ነው የምከፍለው።

አዛውንቱ፦ የዚህን ጉዞ ሰጠኸው?

ወጣቱ፦ ደሞዜ ሲመጣ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ።

አዛውንቱ፦ አበሉንስ ተቀብለሃል?

ወጣቱ፦ ተቀብያለሁ።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ባለንብረቱን የወቀስንበት ሕግ አንተንም ይመለከትሃል። ነገ ከመደወልህ በፊት የልጁን ሒሳብ ዛሬውኑ ዝጋ።