«ዌር»፦ የሞተ ቃል በሕያዋን ቃላት ውስጥ

አንድ ቃል ከአንደበት ሲጠፋ ፈጽሞ ይሞታልን? በዚህ አጭር ጽሑፍ «ዌር» የተባለውን ጥንታዊ ቃል ተከትለን ይህንን ጥያቄ እንመረምራለን።

ትርጉሙና አጠፋፉ

«ዌር» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ወንድ» ወይም «ባል» ማለት ነበር። «ማን» የተሰኘው ሌላው ቃላቸው ደግሞ ጾታ ሳይለይ ሰውን ሁሉ ያመለክት ነበር። ውሎ አድሮ «ማን» የወንድነትን ትርጉም ስለወሰደ «ዌር» ቦታ አጣ፤ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮም እየጠፋ ሄደ።

ዘመዶቹ

ቃሉ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተዘጋጀው የጎትኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም፣ በጥንታዊው ጀርመንኛና በጥንታዊው ኖርስ ቋንቋም ይገኛል። ከጀርመናዊ ቋንቋዎች ውጭ ደግሞ የላቲኑ «ዊር» (ወንድ)፣ የሳንስክሪቱ «ቪራ» (ጀግና) እና የሊትዌንያው «ቪራስ» (ወንድ) ዘመዶቹ ናቸው።

ዝምድናውን በምን እናውቃለን? የድምፅ መመሳሰል ብቻውን አይበቃም። የጀርመንኛው «ሃበን» እና የላቲኑ «ሃቤሬ» በድምፅም በትርጉምም ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም ባለቤትነትን ይገልጻሉ፤ ነገር ግን አይዛመዱም። ያኮብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 ባብራራው የድምፅ ሕግ መሠረት በቃል መነሻ ያለው የላቲን «ክ» በጀርመናዊ ቋንቋዎች «ህ» ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የ«ሃበን» እውነተኛ ዘመድ «ካፔሬ» (መያዝ) ነው። «ው» ግን በሕጉ ከሚለወጡት ድምፆች ወገን ስላልሆነ፣ «ዌር» እና «ዊር» መነሻ ድምፃቸውን እንደጠበቁ ቆይተዋል።

የተሰወረበት ስፍራ

ቃሉ በሦስት ጥምር ቃላት ውስጥ ተርፏል። አንደኛው «ዌርጊልድ»፣ ማለትም የደም ካሳ ነው፤ በጥንታዊው የዌሴክስ ሕግ የነጻ ገበሬ ካሳ 200፣ የመኳንንት 1,200 ሽልንግ ነበር። ሁለተኛው በተረት የሚታወቀው «ዌርዎልፍ»፣ ወደ ተኩላነት የሚለወጠው ሰው ነው። ሦስተኛው የእንግሊዝኛው «ዎርልድ» እና የጀርመንኛው «ቬልት» ነው፤ ሁለቱም «ዓለም» ማለት ሲሆኑ፣ «ዌር» ዘመንን ወይም ዕድሜን ከሚያመለክት ቃል ጋር ተጣምሮ ያስገኛቸው ናቸው። የመጀመሪያ ፍችውም «የሰው ዘመን» ነበር።

ዘመን እንዴት ምድርና ሞላዋ ሊሆን ቻለ? አንባቢው የራሱን ቋንቋ ያስተውል። «ዓለም» ስንል ፍጥረትን፣ «ለዘለዓለም» ስንል ማለቂያ የሌለውን ጊዜ ማለታችን ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል የዘር ዝምድና የለም፤ የትርጉማቸው ጉዞ ግን ይመሳሰላል።

እንግዲህ «ዌር» ብቻውን መነገሩ ቢቀርም፣ ተናጋሪው ሳያውቀው «ዎርልድ» ባለ ቁጥር ይጠራዋል።