የተጨነቀውን ተማሪ እንዴት እንርዳው?

(ለጥናትና ለውይይት የቀረበ)

ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት የሚማርበትን ቦታ በአብዛኛው የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ስለዚህ ብዙው ተማሪ ከወላጆቹ እጅግ ርቆ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ ዶርም ያድራል። በመንደሩ ጎበዝ ሲባል የኖረው ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ ሲወድቅ ለቤተሰቡ የሚለው ይጠፋዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ደግሞ የትግራይ ስልክ በመቋረጡ የወላጆቻቸውን ድምፅ ለወራት ያልሰሙ ተማሪዎች ነበሩ።

እንዲህ ያለውን ተማሪ ቀድሞ የሚያየው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ሐኪሙ አይደለም። መምህሩ፣ የዶርም ፕሮክተሩና የካፌው ሠራተኛ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገሮችን ያስተምራል፤ ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት። መመሪያው የተዘጋጀው አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች ቢሆንም ለግቢ ሕይወትም ይጠቅማል።

1. ማየት

አንድ ቀን ማዘን የማንም ነው። ነገር ግን ተማሪው ለሳምንታት ከክፍል ከቀረ፣ ምግብ ከተወ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ቀኑን ሙሉ ከተኛ፣ ከጓደኞቹ ከተለየ፣ ልብ ልንል ይገባል። ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ ወይም «ባልኖር ይሻላል» ካለ ግን ሳምንት አይጠበቅም።

2. ማዳመጥ

በእኛ ዘንድ «ደህና ነህ?» ሰላምታ ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ስለዚህ ለብቻው ጠርተን፣ ያየነውን ጠቅሰን እንጠይቀው። «ሰሞኑን ከክፍል ጠፍተሃል፤ ፊትህም እንደ ወትሮው አይደለም። ምን ገጠመህ?» ከዚያ ዝም ብለን እንስማ። «ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ?»፣ «ከአንተ የባሰ አለ» የሚሉት ቃሎች አፉን ይዘጉታል። አበው እንደሚሉት በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እንዲደብቅ የምናደርገው ግን እኛው እንዳንሆን እንጠንቀቅ።

ሞትን የሚመኝ ከመሰለን «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለን በግልጽ እንጠይቅ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይልቁንም ያስተነፍሰዋል። አዎን ካለ ብቻውን አንተወው፤ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ እናርቅ፤ ለማንም አልናገርም ብለን ቃል አንግባ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ባለሙያ እናድርሰው።

3. ማገናኘት

በአገራችን ታማሚ ያለ አስታማሚ ሐኪም ቤት አይሄድም። ከቤቱ የራቀው ተማሪ ግን አስታማሚ የለውም። ስለዚህ «ወደ ክሊኒክ ሂድ» ብሎ መላክ አይበቃም፤ አብረነው እንሂድ። የግቢው ክሊኒክና የምክር አገልግሎት ቢሮ መጀመሪያ ናቸው፤ ከዚያም የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይላካል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

ጭንቀት ሁሉ ግን በመድኃኒት አይፈታም። ያመለጠው ፈተና ወይም የገንዘብ እጦት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ መምህሩ ከሐኪሙ ይበልጥ ይረዳል። ትምህርቱን ማቋረጥ ግድ ከሆነም ሳይናገር ጠፍቶ እንዳይሄድ፣ በሬጅስትራር በኩል በደንቡ ዊዝድሮው እንዲሞላ እናግዘው፤ የሚመለስበት በር ክፍት ይሆናል።

ብዙ ተማሪዎች ምስጢራቸውን መጀመሪያ የሚያካፍሉት ለፌሎሺፕ ጓደኛቸው ወይም ለመጋቢያቸው ነው። እንጸልይላቸው፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቁሙ ግን አንበላቸው። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

የውይይት ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችሁ ባለው ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ የመጡ ተማሪዎች በዓል የሚያሳልፉት የት ነው?
ለ. የግቢው ክሊኒክና የምክር ቢሮ የት እንዳሉ ከመካከላችሁ የሚያውቅ አለ?
ሐ. አንድ ተማሪ ዛሬ ቢታመም አስታማሚ የሚሆነው ማን ነው?